አንድ ጉንጭ ወተት

ሰርጌ ሊደርስ አስራ አንድ ቀን ሲቀረው እናቴ መላ ቤተሰቡን ጭና ወደ ባህር ወረደች። «ጭና» ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ሁለት ምንጣፍ፣ ትልቁ ጥላ፣ የጋዝ ምድጃ ከነሲሊንደሩ፣ በዋዜማው የተቀመመ የሰርዲን ጣጂን ከነሸክላ ድስቱ፣ ሁለት ሐብሐብ፣ ሦስት ፔርሙዝ ሻይና አባቴ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል መኪናው ላይ ተጫኑ። እናቴ ለሽርሽር ስትወጣ ስደት የምትሄድ ነው የሚመስላት።

የመጣነው ለታናሽ እህቴ ለሂባ ተብሎ ነው። አስራ አምስት ዓመቷን የደፈነችው በዚያው ሳምንት ነበር። ለልደቷ ምን እንደምትፈልግ ስትጠየቅ፣ አዲስ ስልክ ትላለች ብለን ስንጠብቅ፣ «ታምራግት ሄጄ ሰርፍ መማር እፈልጋለሁ» አለች። ማዕበል በጣውላ መጋለብ! እናቴ ሳቀችባት። «መራከሽ ያደገ ልጅ ገንዳው ውስጥ ይንቦጫረቅ እንጂ ከማዕበል ጋር ምን አጣላው?» ሂባ ግን አንድ ነገር ከያዘች መዥገር ናት። በአባቴ ፊት ቃል አስገባቻት። አባቴ የሸሪዓ ውል አዋዋይ ነው፤ የሰው ቃል እየሰማ ሲጽፍ ሠላሳ ዓመት ስለኖረ ቤታችን ውስጥ በእሱ ፊት የተባለ ነገር አይታጠፍም።

እኔ መሄድ አልፈለግሁም። ታምራግት ከእናቴ አባት የወረስነው የባህር ዳር ቤት አለን፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ደጃፉን አልረገጥኩም። ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም ግን አያነሳውም። መኪናው በር ላይ ተገትሬ ስታየኝ እናቴ፣ «ባቱል፣ ሙሽራ ነሽ እኮ፤ ፊትሽን ፍቺው» አለችኝ። ፊቴን ፈታሁት።

ስንደርስ ባህሩ አይታይም ነበር። በሐምሌ እዚያ ጧት ጧት ጉም ይወርዳል፤ ማዕበሉን የምትሰማው እንጂ የምታየው አይደለም። የዶናት ሻጩ ትሪውን በራሱ ተሸክሞ ከጉሙ ውስጥ ሲጮህ ድምፁ ከሰማይ የመጣ ነው የሚመስለው። ጥላችንን ለሌለች ጸሐይ ተከልን። እናቴ ምድጃዋን ለኮሰች፤ አባቴ ካልሲውን ሳያወልቅ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ።

ሂባ ግን አልተቀመጠችም። የሰርፍ አስተማሪዎቹ ጎጆዎች በአሸዋው ዳር ተደርድረው ነበር። አንደኛውን አለፈችው፤ ሁለተኛውንም አለፈችው። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ቆመችና፣ «እዚህ ነው የምማረው» ብላ ጮኸች። ጎጆው ፊት አንድ ሰው ተንበርክኮ የጣውላ ጀርባ ሰም ሲቀባ ነበር። ቀና አለ።

ያዚድ ነበር።

ሰባት ዓመት ሰው ይረሳል ብለው የሚያጽናኑ ሰዎች አሉ። እኔን ያጽናኑኝም ብዙ ናቸው። ከነሱ አንዱ በዚያች ደቂቃ አጠገቤ ቢቆምና የልቤን ምት ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ። ከስቷል። ጨውና ጸሐይ ጸጉሩን ጫፍ ጫፉን አንጥተውታል። ዓይኑ ግን ያው ነው፤ ሲያይህ የሆነ ነገር ሊጠይቅህ ፈልጎ የተወው ይመስላል።

የእናቴ ፊት ለአፍታ አመድ መሰለ። ወዲያው ግን ራሷን ሰብስባ፣ ከሚገባው በላይ ጮክ ብላ፣ «ያዚድ! ልጄ!» አለች። «እናትህን አላህ ይማራት። ልቅሶ ሳንደርስ ቀረን፤ የኔ ጥፋት ነው።»

«እንኳን ደህና መጡ፣ ላላ ዙሁር» ብሎ እናቴን በክብር ስሟ ጠራና ትከሻዋን ሳመ። የአባቴን እጅም ሳመ። ከዚያ እኔ ፊት ቆመ። እጄን ዘረጋሁለት። አልጨበጠኝም፤ ቀኝ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። «እንኳን ደስ አለሽ» አለ፣ የጫማዬን ጫፍ እያየ።

«እህትህ አይደለች እንዴ!» ሳቀች እናቴ። «ምን ያሽኮረምምሃል?»

«እጄ ሰም ነው፣ ላላ።»

የተዘረጋውን እጄን መልሼ ወሰድኩና በኪሴ ከተትኩት።

*

«እህትህ» ያለችው እንዲሁ ለቁልምጫ አይደለም። በእኛ ዘንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከሌላ ሴት ጡት አንድ ጉንጭ ከዋጠ የዚያች ሴት ልጅ ይሆናል፤ ልጆቿም ወንድሞቹና እህቶቹ ናቸው። መጋባት ሐራም ነው። በአንጻሩ መተፋፈርም የለም፤ የጡት ወንድም እህቱን ያቅፋል፣ ግንባሯን ይስማል፣ ጸጉሯን ያያል።

የያዚድ እናት ዳዳ ኢጃ የባህር ዳሩን ቤታችንን የምትጠብቅና የምታበስልልን ሴት ነበረች። በያመቱ በጋ ስንመጣ እኔና ያዚድ አብረን አደግን። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አብረን ማደጉ በቃንና ሌላ ነገር ጀመረን። ከዓይን ያለፈ ነገር አልነበረም። እሱ ዓሣ ይዞ ወጥ ቤት ይመጣል፣ እኔ በማያስፈልግ ሰዓት ውሃ ይጠማኛል። ይኸው ነው።

ያዚድ በስርቆት አልሄደበትም። እናቱንና ሁለት ሽማግሌዎችን በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ አራት ሾጣጣ ራስ ስኳር እንደ ሽምግልናው ወግ አስይዞ ላከ። ዳዳ ኢጃ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በወጥ ቤቱ በር ሳይሆን በዋናው በር ገባች። እናቴ ሻይ ቀዳችላቸው፤ ጠጥተው እስኪጨርሱም ታገሰች። ከዚያ በኋላ ነው፣ «ኢጃ፣ ረሳሽው እንዴ?» ያለችው። «ባቱል የስምንት ወር ልጅ ሳለች፣ ጎርፉ መንገድ ዘግቶብኝ አጋዲር ያደርኩ ሌሊት፣ በረሃብ ስትንሰቀሰቅብሽ ጡትሽን ሰጥተሻት የለም?»

ዳዳ ኢጃ ስኳሩን ለረጅም ጊዜ አየችው። «አዎ» አለች። «ሰጥቻታለሁ።»

አባቴ ለእውነት ሟች ነው፤ ሁለት ባልደረቦቹን ጠርቶ አስማላት፤ ቃሏ ተጻፈ። ስኳሩ ወረቀቱ ሳይፈታ ተመለሰ። እኔ በሰገነቱ መስኮት ቆሜ ነበር። ያዚድ በሩ ላይ፣ ጫማውን ጠርጎ፣ ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ነገሩት። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ሄደ። «አላምንም» እንኳ አላለም። ሰባት ዓመት ሙሉ ከሐራሙ ይልቅ ያቃጠለኝ ያ ዝምታው ነው።

*

ያዚድ ጣቱን አሸዋው ላይ አሂዶ የጣውላ ቅርጽ ሠራና ሂባን በላዩ በደረቷ አስተኛት።

«እጅሽን ደረትሽ ስር። አሁን ብድግ! እግርሽን አትዪ። እግርሽ የትም አይጠፋም፤ ያንቺው ነው። ወደምትሄጂበት እዪ።»

«ወድቄ ብሞትስ?»

«ውሃው እስከ ወገብሽ ነው። ለመሞት ከፈለግሽ መተኛት ይኖርብሻል።»

ሂባ ሳቀች። ሳቋን ሰምታ እናቴ ከምድጃው ቀና አለች። «ያ የጎማ ልብስ ደግሞ እንዴት ነው የተጣበቀባት! ሰው ምን ይላል?»

«በዚህ ጉም ውስጥ ሰው ምን ያያል?» አለ አባቴ።

ሐብሐብ እየቆረጥኩ ነበር። እናቴ ስለ ሰርጉ ታወራለች፤ ስለ ቀሚሶቹ፣ ስለ ሂና ቀቢዋ፣ ከራባት ከተማ ስለሚመጡት የእጮኛዬ የነቢል አክስቶች። ነቢል ክፉ ሰው አይደለም። የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሲናገር ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ እናቱን ይወዳል። ስለ እሱ ሳስብ ልቤ ዝም ይላል። ብዙ ሴት ይህን ሰላም ትለዋለች። እኔም እንደዚያ ልጠራው ከራሴ ጋር ተስማምቼ ነበር።

ጉሙ ትንሽ ሳሳና ውሃው ውስጥ አየኋቸው። እሱ ከወገቡ በላይ ወጥቶ ጣውላውን ይዟል፤ እሷ ተኝታበታለች። አረፋው ሲመጣ ይገፋታል፤ ትነሳለች፤ ትወድቃለች። አፍንጫዋን እየጠረገች ትመለሳለች። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ። ከዚያ ጣውላው ላይ እግሯን አንፈራጥጣ ተቀመጠችና ታወራው ጀመር።

ምን እንደምትለው አይሰማም። እሱ ግን አንድ ጥሩ አረፋ አሳለፈ። ሁለተኛም መጣ፤ እሱንም አሳለፈው። በሁለት እጁ የጣውላውን ጠርዝ ጨብጦ ደርቆ ቀርቷል። ከዚያ ፊቱን አዙሮ፣ ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔን አየ። እንደዚያ የሚያየኝ ሰው አልነበረኝም። ቢላዋውን አስቀመጥኩ።

በሚቀጥለው ገፋት። ሂባ በጉልበቷ ተነሳች፣ በአንድ እግሯ፣ ከዚያ በሁለቱም ቆመች! እጆቿን ዘርግታ፣ ቂጧን ወደ ኋላ ጥላ፣ እየተንገዳገደች እስከ ዳር መጣች። አባቴ በካልሲው ተነስቶ አጨበጨበ። እናቴ ማንኪያዋን እንደያዘች እልልታዋን አቀለጠችው። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ወደምትሄጂበት እዪ ተብላ የለ? ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ ነው የመጣችው።

*

«ዚፑን ፍቺልኝ፤ አልደርስበትም» ብላ ከጎጆው ጀርባ ጎተተችኝ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«ቆምሽ እኮ! አየንሽ።»

«ተዪው አሁን እሱን። ስሚኝ፤ እማዬ ሳትመጣ።» ከቦርሳዋ ውስጥ በዳቦ ላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ አወጣች። ላዩ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነው፤ ከኋላው የያዚድ። ተከፍቷል። «የእማዬ ቁምሳጥን ውስጥ አገኘሁት፤ የትምህርት ቤት ወረቀቴን ስፈልግ። አንብቤዋለሁ። ብትፈልጊ ምቺኝ።»

«መቼ?»

«ከሦስት ሳምንት በፊት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እውነት መሆኑን ሳላረጋግጥ? ሰርግሽን ላፈርስ? ብደውልለት እማዬ ትሰማለች፤ ብጽፍለት መልሱ እሷ እጅ ይገባል። ውሃ ውስጥ ግን ማን ይሰማናል?» ጥርሷ ይንቀጫቀጫል። «ሰርፍ ማን ፈልጎ!»

«ምን አለሽ?»

«መጀመሪያ ምንም አላለም። ከዚያ ‹እሷ አንብባዋለች?› አለኝ። ከቶ አልደረሳትም አልኩት። ባቱል፣ ሰውዬው ጣውላውን የያዘው እኔ እንዳልወድቅ አልነበረም። እሱ እንዳይወድቅ ነው።»

ደብዳቤውን ቆሜ ጀመርኩት፤ አሸዋው ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት።

«ባቱል፤

እናቴ ካረፈች ዛሬ አርባ ቀኗ ነው። በሕይወት ሳለች ይህን ልጽፍልሽ አልችልም ነበር። አሁንም ብሆን መጻፌ ኃጢአት ይሁን ጽድቅ አላውቀውም። በመጨረሻው ሳምንት አንድ ነገር ነገረችኝ። ያን ሌሊት ከጡቷ አንድ ጠብታ አልሰጠችሽም። በማንኪያ የሩዝ ውሃ እያጠጣች ነው ያሳደረችሽ። እናትሽ ያን ቀን በጥያቄዋ እንዲያ በይ አለቻት፤ እናቴም አለች። በጥቅም መስሎሽ እንዳትንቂያት። ‹በዚያ ወጥ ቤት ሃያ ዓመት ቆሜያለሁ። ልጄ ማዕዳቸው ላይ ተቀምጦ፣ እጁ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ሲሉት ከምሰማ አላህ ፊት ልቃጠል ብዬ ነው› አለችኝ። እያለቀሰች ነው የሞተችው።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅሻለሁ። ያን ቀን በመስኮት ዝም ብለሽ ስታዪኝ ታውቂ ነበር? ካላወቅሽ አንድ ቃል ጻፊልኝ። ካልጻፍሽልኝ ታውቂ ነበር ማለት ነው፤ ዳግመኛም አላስቸግርሽም።

ያዚድ»

የተጻፈው ከአራት ወር በፊት ነበር። አራት ወር ሙሉ እኔ የቀሚስ ልክ ስሰጥ፣ የጥሪ ወረቀት ስመርጥ፣ እሱ በየቀኑ ዝምታዬን እያነበበ ነበር። የጠላኝ መስሎኝ የኖርኩት ሰው እኔ የጠላሁት መስሎት ኖሯል።

*

ከጎጆው ማዶ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ፣ ያዚድ ጣውላዎቹን ከጨው ያጥባል። ሰላምም አላልኩት።

«አላውቅም ነበር።»

ማጠቢያውን ጨርቅ ለቀቀው። ፊቱን ግን አላዞረም። «አራት ወር» አለ። «ፖስተኛው በሩቁ ሲመጣ ደጅ እወጣ ነበር። እንደ ሕፃን።»

«ዛሬ ነው ያነበብኩት። አሁን። ያዚድ፣ ዞር በልና እየኝ።»

ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ያን ቀን ለምን ዝም ብለህ ሄድክ?» አልኩት። «አንድ ቃል እንኳ!»

«እናቴ ምላ ወጣች እኮ። እናቴን ውሸታም ልበላት?»

«እኔስ? ሰባት ዓመት አንተን ባሰብኩ ቁጥር ራሴን ስጸየፍ? ወንድሟን የምትመኝ ርኩስ እያልኩ?»

«እኔስ ምን ስል የኖርኩ ይመስልሻል?» ድምፁ ተሰበረ። «ሌሎች ለሰላት ታጥበው ውዱእ ያደርጋሉ። እኔ አንቺን ካሰብኩ በኋላ ነበር የማደርገው። እህቴን የምመኝ ርኩስ ነኝ፣ ማረኝ እያልኩ። የቱን ያህል ጊዜ? አላህ ይቁጠረው። ላልሠራነው ኃጢአት ንስሐ ስንገባ ወጣትነታችን አለቀ፣ ባቱል።»

ሁለታችንም አለቀስን፤ በመካከላችን የአንድ ጣውላ ስፋት ነበር። ማናችንም አልተሻገርነውም።

«ዛሬውኑ ለአባቴ እነግረዋለሁ» አልኩ።

«አትንገሪው።» ደንግጦ ነበር። «በአላህ ይዤሻለሁ። መንደሩ ሁሉ ነው አልቅሶ የቀበራት። በቁርዓን በሐሰት የማለች ከተባለች መቃብሯ ላይ ማን ዱዓ ያደርግላታል? ከኔ በቀር ሰው የላትም። እኔ ካዋረድኳት ማን ይሸፍናታል?»

«ታዲያ ለምን ጻፍክልኝ?»

«ወንድምሽ አለመሆኔን እንድታውቂ። ለሌላ አይደለም።»

«ለሌላ አይደለም?»

ጨርቁን አነሳና መጭመቅ ጀመረ። «አትሂጂ በለኝ» አልኩት። «ሰርጌ አስራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ነቢልን ፊት ለፊት ቆሜ እነግረዋለሁ፤ አባቴን እችለዋለሁ። አንተ ብቻ አንዲት ቃል፣ አትሂጂ በለኝ።»

አፉን ከፈተ። ይላል ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ጣጂኑ ቀዘቀዘ እኮ!» አለች እናቴ ከኋላችን።

*

ሳህን ይዛ ነበር። ዓይኗ ከፊቴ ወደ እሱ ፊት፣ ከዚያ እጄ ላይ ወዳለው ፖስታ ወረደ። እናቴ ፈጣን ሴት ናት። አልጮኸችም፤ አላስመሰለችም። ሳህኑን በርሜሉ ላይ አስቀመጠችና ወደ ጥላው ዞራ፣ «ሲዲ አብደልሃይ! ና እስቲ አንድ ጊዜ» ብላ አባቴን ጠራችው። ሂባም ፎጣዋን ተከናንባ ተከተለችው።

«አንድ ነገር ሳስብ ነበር» አለች እናቴ። ድምጿ ማር ነው። «ባቱል ወንድም የላትም፤ በሰርጓ ቀን ክንዷን ይዞ ከቤት የሚያወጣት ማነው እያልኩ ስጨነቅ ነበር። ለካ ወንድም አላት! እናቱ አጥብታታለች፤ ቃሏም ተጽፎ ተቀምጧል። ያዚድ ያወጣታል።»

«መልካም ሐሳብ ነው» አለ አባቴ። ምንም አያውቅም፤ ፊቱ በርቷል። «እኔም ሳልጠይቀው በመቅረቴ አፈርኩ።»

«እንግዲያው አሁኑኑ በአባቷ ፊት የእህትህን ግንባር ሳምና መርቃት» አለችው። «ከዚያ እንበላለን።»

ያዚድ ገባው። እኔም ገባኝ። ከሳመኝ፣ አባቴ ፊት ቆሞ፣ በራሱ ከንፈር የእናቱን መሐላ ያጸናል፤ ከዚያ ወዲያ መሐላው ሐሰት ነበር ቢል ማንም አያምነውም። ካልሳመኝ የሞተችውን እናቱን ሐሰተኛ አደረጋት። እናቴ ይህን ሁሉ ያሰበችው ሳህን ይዛ አስር እርምጃ በመጣችበት ጊዜ ውስጥ ነው። የወለደችኝ ሴት ባትሆን ኖሮ አደንቃት ነበር።

እጁን በሸሚዙ ጠረገ። ቀስ ብሎ ጠረገ፣ ጣት በጣት። ከዚያ አየኝ፤ ዓይኑ ይቅርታ ይለምነኛል። እናቱን መርጧል። አልፈረድኩበትም።

አንድ እርምጃ መጣ። ሁለተኛውንም። የጨውና የሰም ሽታው ደረሰኝ። በሃያ ስድስት ዓመቴ ከእሱ የማገኘው የመጀመሪያውም የመጨረሻውም መሳም ያ ነበር። አላህ ይየኝ፣ አልዋሽም፣ ለአንድ አፍታ ዓይኔን ጨፍኜ ልቀበለው ፈለግሁ። እህት ሆኜም ቢሆን። ወደ ነቢል ቤት ይዤው ልሄድ።

ትንፋሹ ግንባሬ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተራመድኩ።

«አትንካኝ» አልኩት። «አንተ ለእኔ ባዕድ ነህ።»

ከዚህ የበለጠ የፍቅር ቃል በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም። እሱም ሰማው። ፊቱ በአንድ ጊዜ በራና ጠፋ።

«ምንድነው የምትለው ይህቺ ልጅ?» አለች እናቴ።

«አባዬ፣ ይህ ሰው ለኔ ባዕድ ነው። ከእናቱ ጡት አንድ ጉንጭ አልጠጣሁም።»

«ኢጃ ምላለች! ያንተው ባልደረቦች ናቸው የጻፉት! ሰባት ዓመት ሙሉ—»

አባቴ እጁን አነሳ። እናቴን አላያትም፤ እኔንም አላየኝም። ወደ ያዚድ ዞሮ፣ ምስክር ሲጠይቅ በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ፣ «ልጄ፣ እናትህ ምን ነገረችህ?» አለው።

መካድ ይችል ነበር። «ምንም» ቢል እመሰክራለሁ አልልም ነበር፤ ደብዳቤውን እዚያው ባህሩ ውስጥ እጥለው ነበር። ያዚድ ግን መንደሩን አየ። የመቃብሩ ቦታ ያለበትን ኮረብታ አየ፤ በጉሙ ምክንያት አይታይም፤ እሱ ግን አየው። ሂባ ፎጣዋን በጥርሷ ነክሳ ትጠብቃለች።

«እናቴ» አለና አቋረጠው። እንደገና ጀመረ። «እናቴ በሐሰት ነው የማለችው፣ ሲዲ።»

አባቴ የተገለበጠች ጀልባ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲያረጅ አይቼው አላውቅም። እናቴ፣ «ለሷ ብዬ ነው» አለች፤ «ዕድሜዋን ሙሉ ሰርዲን ስትከትፍ እንዳላይ ብዬ ነው» አለች። ሂባ ማልቀስ ጀመረች።

ያዚድ እግሬ ስር፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተንበረከከ፤ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደዚያ የሚያለቅስ ወንድ አይቼ አላውቅም። «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» ይላል። «እማዬ፣ አጋለጥኩሽ፣ ይቅር በይኝ።» ለእኔ ሲል እናቱን ለሁለተኛ ጊዜ ቀብሯታል፤ ያስቀበርኩትም እኔ ነኝ።

ጸጉሩ ከእጄ አንድ ስንዝር አይርቅም። እህቱ ብሆን ኖሮ እዚያው ተንበርክኬ አቅፈው ነበር፤ ራሱን ደረቴ ላይ አስደግፌ አብሬው አለቅስ ነበር፤ አባቴም ምንም አይለኝም። ባዕድ ነው ብዬ በአባቴ ፊት የመሰከርኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ። ስለዚህ እጆቼን ብብቴ ስር ቀብሬ፣ አጠገቡ ቆሜ፣ የምወደው ሰው ብቻውን ሲያለቅስ አየሁት።